ሣር ማጨጃው ለምን አልነሳ አለ?

ኤፕሪል ሲገባ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ሰፈሮች ከየጋራዡ አንድ ድምፅ ይደጋገማል። ገመድ ይጎተታል፣ ሞተሩ ትንሽ አጉረምርሞ ዝም ይላል፤ እንደገና ይጎተታል። ሣሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በፌርፋክስ ካውንቲ ግማሽ ኤከር በማይሞላ የመኖሪያ ግቢ ሣር ከ12 ኢንች (30 ሴንቲ ሜትር ገደማ) በላይ ካደገ ደንብ እንደ መጣስ ይቆጠራል። ትከሻው የዛለ አባወራ በመጨረሻ «ሞቷል» ብሎ ማሽኑን መንገድ ዳር ያወጣውና አዲስ ሊገዛ ይሄዳል። ያንን ማሽን አንስቶ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስነስቶ የሚሸጥ ሰው መኖሩን ልብ አይልም።

በሣር ማጨጃ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ፤ እንዲቆይ የተሠራና እንዲያልቅ የተሠራ። ሲሊንደሩ፣ ፒስቶኑና ክራንክ ሻፍቱ እንዲቆዩ የተሠሩ ናቸው። ፊልትሮው፣ ዘይቱ፣ ካንዴላው፣ ቢላው፣ ቺንጋው ደግሞ እንዲያልቁ። ርካሹ የሚያልቀው ውዱ እንዲተርፍ ነው። ማሽኑን ማወቅ ማለት በአመዛኙ የትኛው ርካሽ ዕቃ የትኛውን ውድ ዕቃ እንደሚጠብቅ ማወቅ ነው። ይህን የያዘ ሰው መካኒክ ባይሆንም ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሞተሩ ለመነሣት ቤንዚን፣ አየርና ብልጭታ ይፈልጋል። ከከረመ በኋላ አልነሳም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤንዚኑ ነው።

ቤንዚን ከገንዳው ወርዶ የሚያርፈው በካርቡራቶሩ ሥር ባለች ትንሽ ኩባያ ውስጥ ነው። ኩባያዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ከኩባያዋ በላይ አየር የሚያልፍበት መሐሉ ጠበብ ያለ ጉሮሮ አለ። አየሩ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሣ ቤንዚኑ ጂግለር በሚባለው ቀዳዳ በኩል ተስቦ ወደ አየሩ ይረጫል። የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። መላው ሞተር የሚኖረው በዚያች ቀዳዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቤንዚን ቆሞ ሲከርም ቀላሉና ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ ከማደያ የሚቀዳው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል። የተሳበው ውሃ ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከታች ያለችው ደግሞ ያቺው ኩባያ ናት። ለዚህ ነው በኖቬምበር ደህና የነበረው ማሽን በኤፕሪል እምቢ የሚለው። 15 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች መጠቀም በአሜሪካ ሕግ ጭምር የተከለከለ ነው። ማደያው ላይ ርካሹን ቤንዚን ከመምረጥ በፊት ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ብዙም አያስፈራም። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡና የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። የቤንዚኑን መስመር ይዝጉ፤ መዝጊያ ከሌለው ቱቦውን በለስላሳ መቆንጠጫ ይያዙት። ከኩባያዋ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትተው የቆየውን ቤንዚን ዕቃ ውስጥ ያንጠባጥቡ። በብዙ ሞተሮች ላይ ያ ቡሎን ራሱ ጂግለር ነው፤ ወደ ብርሃን አድርገው ሲያዩት ጎኑ ወይም መሐሉ ላይ ቀዳዳ ካለው እሱ ነው። ቀዳዳውን በካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ ነፍተው፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ያጽዱት። በመርፌ ወይም በመሰርሰሪያ አይሞክሩ። ቀዳዳው በፀጉር ስፋት ከሰፋ የቤንዚኑና የአየሩ ልክ ይዛባል፤ የሚመልሰው ነገር የለም። የኩባያዋ ጎሚኒ ጓርኒሲዮን ደግሞ አንዴ ከወጣ አብጦ ወደ ቦታው አልገባም ማለት ልማዱ ስለሆነ፣ ሥራውን ሳይጀምሩ አዲስ ገዝተው ያስቀምጡ። ጽዳቱ ካልሠራ ለተለመዱት ሞተሮች ሙሉ ካርቡራቶር ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም መካኒክ ከሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ያነሰ ነው።

ተነሥቶ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ማሽኑ ላይ ፍጥነቱን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ አለ፤ ወፍራም ሣር ሲገጥመው የአየሩን በር ከፈት፣ ሲቀለው ገርበብ ያደርጋል። ጂግለሩ በከፊል ሲዘጋ ሞተሩ ይራብና ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩ ይፈናጠራል፣ መቆጣጠሪያው ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ መቆጣጠሪያው ሞላ ነው። ሞላውን አይንኩት፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ በመጨረሻው አጨዳ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ገንዳውን አራግፎ ሞተሩን ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ ማሠራት ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ ቤንዚን ላይ የማቆያ ፈሳሽ ጨምሮ ካርቡራቶሩ ድረስ እንዲደርስ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት። ፈሳሹ የተበላሸውን ቤንዚን አያድስም። ሜሪላንድ ላይ ይህ የኖቬምበር ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ማሽኑ የሚያርፈው በበጋ ስለሆነ፣ ክረምቱ አልቆ ሣሩ ማደግ ሲያቆም ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይሠራል።

አዲስ አበባን ካነሣን አይቀር፣ ዘመድ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የላከው ማሽን እዚያ ሲደርስ ጥቁር ጭስ የሚያጨስበትና የሚደክምበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ጂግለሩ ግን የሚለካው ባሕር አጠገብ ላለ ወፍራም አየር ስለሆነ ለስሱ አየር የሚያቀርበው ቤንዚን ይበዛል። ሆንዳ ማሽኑ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ ካርቡራቶሩ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ነገሩ ባጭሩ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር መግጠም ነው። ከተስተካከለም በኋላ በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሲደመር ሩብ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ ሣሩ ሳይረዝም ቶሎ ቶሎ ማጨድ ይሻላል። በጠባብ ጂግለር የሚሠራን ማሽን ደግሞ ወደ ቆላ ወስዶ ማሠራት አደጋ አለው፤ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ወደ ብልጭታው እንለፍ። የእጅ ገመድ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ የለውም። ቮላኖ በሚባለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት ላይ ማግኔት ተቀብሯል፤ ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ ቦቢና በሚባለው የሽቦ ጥቅል አጠገብ ያልፋል፣ ቦቢናው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፣ እሱ በካንዴላው ጫፍ ላይ ዘሎ ብልጭ ይላል። በቦቢናውና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሐላቸው ዝገት ከገባ ብልጭታው ይደክማል።

ካንዴላ ርካሽ ስለሆነ በዓመት አንዴ ቢቀየር አይቆጭም። የሞተር አምራቹ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ለብዙ ሞተሮቹ 0.76 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል። ከመጣሉ በፊት ግን አሮጌውን ይመልከቱት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። ዘይት ከጠገበ ወይ ማሽኑ ተገልብጦ ነበር፣ ወይ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል። አዲሱን ሲያስገቡ መጀመሪያ በጣት ብቻ ያዙሩት፤ ቴስታታው አሉሚንየም ነው። በቁልፍ ተገፍቶ ጥርሱ ከተበላ ለአንድ ካንዴላ ሲባል ቴስታታ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደምወደው ዕቃ ደረስን። የብዙ ሰው ማሽን የሚጣለው በእሱ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ጥቂት ዶላር ነው።

በተገፊ ማሽን ላይ ክራንክ ሻፍቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ላይኛው ጫፉ ቮላኖውን፣ ታችኛው ጫፉ ቢላውን ይዟል። ቢላው ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲመታ ባንዴ ይቆማል። ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን መቀጠል ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ መሸነፍ አለበት፣ ካልሆነ መሐል ያለው ዘንግ ይጠመዘዛል። ለዚህ ሲባል ቮላኖውና ዘንጉ የሚያያዙበት ቦይ ውስጥ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ጥፍር የምታህል ሽብልቅ አለች። ሽብልቋ የቮላኖውን ልክ ትይዛለች፤ ብርቱ ምት ሲመጣም ተሸርፋ ወይም ተቆርጣ ጉዳቱን ትቀንሳለች።

ሽብልቋ ስትቆረጥ ቮላኖው ከቦታው በጥቂት ዲግሪ ይንሸራተታል። ማግኔቱም አብሮ ይንሸራተታል። ብልጭታው አለ፣ ቤንዚኑ አለ፣ ነገር ግን ብልጭታው የሚመጣው ፒስቶኑ ሊቀበለው በማይገባው ጊዜ ነው። ሞተሩ አይነሳም፤ ወይም ወደ ኋላ ፈንድቶ ገመዱን ከእጅ ይመነጭቃል። ድንጋይ ከመታ በኋላ አልነሳም ያለ ማሽን ካለዎት ካርቡራቶር ከመፍታትዎ በፊት የላዩን ሽፋንና የቮላኖውን ዳዶ ፈትተው ሁለቱ ቦዮች መግጠማቸውን ይዩ። ካልገጠሙ ሽብልቋ ሄዳለች። ቮላኖውን በመንቀያ ያውጡት እንጂ በመዶሻ አይደብድቡት።

በዚህ ቦታ ላይ ጎበዝ ነኝ የሚል ሰው ሚስማር ቆርጦ ሽብልቅ ይሠራል። ይህ የቤት መብራት ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ እንደ መጠምጠም ነው፤ መብራቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ግን ቤቱ ነው። ጠንካራ ብረት ከገባ በሚቀጥለው ድንጋይ የሚታጠፈው ክራንክ ሻፍቱ ይሆናል። ለሞዴሉ የተሠራችውን ለስላሳዋን ሽብልቅ ይግዙ።

አየሩን በአጭሩ። 160 ሲሲ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 200 ሊትር አየር ይስባል፤ የሚስበውም ከአቧራና ከደቃቅ ሣር መሐል ነው። የወረቀት ፊልትሮ በቀስታ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል፣ ካልጸዳ ይቀየራል፤ በኮምፕረሰር ከተነፋ ወረቀቱ ይበሳል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ረጥቦ ይመለሳል። ያለ ፊልትሮ «ለዛሬ ብቻ» ማሠራት ሲሊንደሩን በአሸዋ መሞረድ ነው።

ዘይቱም ብዙ ፍልስፍና የለውም፤ ግን ይረሳል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፤ ዘይቱ የሚዳረሰው ውስጥ ባለች ዘይት መርጫ እየተረጨ ነው። ስለዚህ ውስጥ የተፈጠረ ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይዞራል። መጠኑ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ይቀየርለታል፤ ሞቅ ሲል ቢፈስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ከምልክቱ በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ ትርፉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ቢላው ሌላ ታሪክ አለው። የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን በ1830 ያስመዘገበው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሐሳቡን ያገኘው በግሎስተርሻየር የሱፍ ፋብሪካዎች የጨርቅ ፀጉር ከሚላጭበት ማሽን ነው። የእሱ ማሽን እንደ መቀስ ሁለት ስለት ነበረው፤ ጥቅልሉ እየዞረ ሣሩን ከታች ካለው ቋሚ ስለት ጋር ያገናኘዋል። ዛሬ ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ግን አንድ ቢላ ብቻ ነው ያለው። ይህን ዓይነቱን በ1952 ሲድኒ ውስጥ መርቪን ቪክተር ሪቻርድሰን በቪክታ ስም አስፋፋው፤ የመጀመሪያው ናሙና የቤንዚን ገንዳ የኮክ ፍሬ ጣሳ ነበር። ነጠላ ቢላ የሚደገፍበት ሌላ ስለት ስለሌለው የሚቆርጠው በፍጥነቱና በስለቱ ብቻ ነው። 53 ሴንቲ ሜትር ቢላ በደቂቃ 3,100 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ስለቱ ሲደነዝዝ ሣሩን አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የሣሩ ጫፍ ይነጣል፣ ግቢው ሁሉ የደረቀ ይመስላል። ብዙ ሰው ያኔ ውሃና ማዳበሪያ ያፈስበታል፤ ጥፋቱ ግን የቢላው ነው።

ለማውጣት መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ያርቁ። ቢላውን በእጅ ማዞር ፒስቶኑን ያንቀሳቅሳል፤ የቤንዚን ጠብታ የሌለ ይመስልዎታል፣ አንዲት ብልጭታ ግን ጣት ትበላለች። በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ የሚሸጥ ተገፊ ማሽን እጀታው ሲለቀቅ ቢላው በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። ያንን የእጀታ ዘንግ በገመድ አስሮ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ፤ አይደረግም። ማሽኑን ሲያጋድሉ የአየር ፊልትሮው ወደ ሰማይ ይሁን። ወደ ታች ከሆነ ዘይቱ ፊልትሮውንና ካርቡራቶሩን ያጥባቸዋል፣ አንድ ጥገና ሁለት ይሆናል። ቡሎኑን ከመፍታትዎ በፊት ቢላው የትኛው ገጹ ወደ ታች እንደነበረ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ተገልብጦ የተገጠመ ቢላ ሣሩን እየደበደበ ይውላል።

ስለቱን በሞረድ ቢያወጡት ከግራይንደር ይሻላል፤ ግራይንደር ቶሎ ያግለዋል፣ ሰማያዊ እስኪሆን የጋለ ብረት ጥንካሬው ይሄዳል። ቀድሞ የነበረውን ማዕዘን ተከትለው ከላይ በኩል ብቻ ይሞርዱ። እንደ ምላጭ ማሳል አያስፈልግም፤ ስስ ጠርዝ በመጀመሪያው ጠጠር ይታጠፋል። ከዚያ ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር በመሐል ቀዳዳው ይስቀሉት። ያዘነበለው ጎን ከብዷል፤ ሚዛኑ እስኪስተካከል እሱን ይሞርዱት። ሚዛን የሌለው ቢላ ሞተሩን ሲያርገበግብ ኩሽኔታውንና ቡሎኖቹን ይጨርሳል። ከቢላው ጀርባ ወደ ላይ የታጠፈችው ክንፍ አየር ስባ ሣሩን ቀጥ የምታደርግ ናት፤ እዚያ ጋ ብረቱ ከሳሳ ወይም ስንጥቅ ካለው ሞረድ አያድነውም። አዲስ ይግዙ፤ በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ብረት የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

በራሱ የሚነዳ ማሽን ከሆነ ቺንጋው ይረዝማል፣ ካቮው ይላላል፣ የጎማዎቹ ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ ይበላል። ሦስቱም በተለመደ መፍቻ የሚቀየሩ ናቸው። በባትሪ ማሽን ላይ ዘይት፣ ካንዴላና ካርቡራቶር ስለሌለ ከላይ ያለው ግማሹ ጣጣ ይቀራል፤ የቢላው ጉዳይ ግን እንዳለ ነው፣ ባትሪውን ሳያወጡ እጅ አይሰደድም። ሆንዳ በ2023 አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ሣር ማጨጃ መሥራት አቁሟል፤ የድሮዎቹ ግን ገና በየጋራዡ አሉ።

ማሽኑ በእርግጥ መጣል ያለበት መቼ ነው? የካንዴላውን ገመድ ነቅለው የቢላውን አንድ ጫፍ ከሽፋኑ ጠርዝ ጋር ይለኩ፤ ግማሽ ዙር አዙረው ሌላውን ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወይ ቢላው ወይ ክራንክ ሻፍቱ ታጥፏል። አዲስ ቢላ ገጥመውም ልዩነቱ ካለ የታጠፈው ክራንክ ሻፍቱ ነው። እሱን ደግሞ ማቃናት አይቻልም፤ አቃናለሁ የሚል ካለም አይስጡት፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ዘንግ በሥራ ላይ ይሰበራል። የብረት ሽፋኑ ዝጎ ከተበሳም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ውጪ ላለው ሁሉ ዕቃ ይገኛል፤ ዕቃውን የሚያገኙት ግን ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ስም ሳይሆን በሞተሩ የሞዴል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሞተሩ ሽፋን ላይ ተቀርጿል ወይም ተለጥፏል፤ በዘይትና በፀሐይ ሳይጠፋ ዛሬ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።